ለካምቢዮ ዘይት የተተከለ ድንኳን

ሰው ስፖርት መኪና የሚገዛው ሊፈጥንበት ነው። ሐሩን ግን ያቺን ቀይ ባለ ሁለት በር መኪና ከገዛት ጀምሮ ከነዳት ቀን ያጠባት ቀን ይበልጣል። ምን ያድርግ? ከገርጂ ኮንዶሚኒየም እስከ ቦሌ ትኬት ቢሮው ድረስ ጠዋትም ማታም የሚሄደው በእግረኛ ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ የመኪናዋ ሆድ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ጉብታ ባየ ቁጥር ሐሩን ትንፋሹን ውጦ የራሱን ሆድ ወደ ውስጥ ይስባል፤ እሱ ሆዱን ቢስብ እሷን የሚጠቅማት ይመስል! ግን ይወዳታል። ሻይ ይዞ ወርዶ ያያታል፤ ጥርሱን እየፋቀ በመስኮት አጮልቆ ያያታል።

ሚስቱ ፈሂማ ደግሞ ዞር ብላም አታያት። ወሎ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሻሽ፣ የአባያ ጨርቅ፣ መጋረጃ፣ አቡጀዲ ትሸጣለች። ለእሷ መኪና ማለት ጣቃ ጨርቅ የሚጭን፣ እናቷን አስቀምጦ የሚወስድ ነገር ነው። ይቺ ግን አንድ ጣቃ ከጫነች ሐሩን ራሱ ታክሲ ሊይዝ ነው። እንዲያም ሆኖ ፈሂማ ብዙ ታገሠች። ትዕግሥቷ ያለቀው ባለፈው ዒድ ነው።

የዒድ ዕለት ሐሩን አማቱን እማ ሀቢባን ከቦሌ አራብሳ ሊያመጣ ሄደ። ሴትዮዋን የኋላ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ጎረቤት ተጠራ፤ አንዱ ከውስጥ ሳበ፣ ሁለቱ ከውጭ ገፉ። ተደላድለው ትንሽ እንደሄዱ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለ። ሲገባም በሰላም አልገባም፤ ክርርርር ብሎ ጮኸ። እማ ሀቢባ የመጨረሻቸው ነው ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ሸሃዳቸውን ያዙ፤ ሸሃዳቸውን እንደያዙም ገርጂ ደረሱ። ከመኪናዋ ተጎትተው ሲወጡ፣ ሐሩን አጠገባቸው ቆሞ፣ «ልጄ፣ ይሄ ባልሽ ምን በድየው ነው?» ብለው ፈሂማን ጠየቋት።

ያን ዕለት ማታ ፈሂማ ነገሩን ቆረጠችው። ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ገብረእዝጊ መኪናዋን ባየ ቁጥር ጎማዋን በእግሩ መታ መታ እያደረገ «መቼ ነው የምትለቅልኝ?» የሚል ሰው ነው።

«ለገብረእዝጊ ነግሬዋለሁ» አለች። «እሁድ ከሰዓት የዐስር ሶላት አዛን ሲል ይመጣል። እሱ እስኪመጣ ሁለተኛ ማርሿ ሳትጮህ ከገባች ትቆይልህ። ከጮኸች ግን በገዛ እጅህ ቁልፏን ታስረክበዋለህ፤ እኔም የሰው መኪና እገዛለሁ።»

«የሰው መኪና ማለት?»

«ሰው የሚገባበት!»

ሐሩን ምን ይላል? እማ ሀቢባ ገና ሳሎን ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። እሺ ብሎ እጇን ጨበጠ፤ ቃሉንም ሰጠ።

ወደ ጋራዥ እንዳይወስዳት የጠየቃቸው ሜካኒኮች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ካምቢዮው ይውረድ» ይላሉ። ካምቢዮ አንዴ ከወረደ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ አላህ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ተጣደ። አንድ ፂማም ፈረንጅ፣ ምግብ ሊበላበት በሚችል ንጹሕ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስቸግር ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ዘይቱን ቀይሩ ይላል። የላይኛውን የመሙያ ቡሎን አስቀድማችሁ ፍቱ፤ ቀጥሎ የታችኛውን ፍታችሁ አሮጌውን አፍስሱ፤ የታችኛውን ዝጉና በላይኛው አዲሱን ሙሉ። በቃ! ሐሩን ቪዲዮውን እስኪሸመድደው አየው።

ቅዳሜ ማታ ከሚስቱ ሱቅ ጎን ካለው የመለዋወጫ መደብር ሁለት ሊትር የካምቢዮ ዘይት ገዛ። ፈሂማ ሱቋን እስክትዘጋ ፌስታሉን ባንኮኒው ሥር አኖረው፤ ሲወጡም ጎንበስ ብሎ አነሳውና ቤቱ ገባ። ከመድኃኒት ቤት ደግሞ ትልቅ የከብት መርፌ ገዝቶ ነበር፤ ዘይቱን መግፊያ ይሁነኝ ብሎ። ሻጯ «ላምዎ ምን ሆና ነው?» ስትለው «ማርሽ አልገባ ብሏት» ብሎ ወጣ።

እሁድ ፈሂማ ወደ ሱቋ ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ «ዐስር!» አለችው።

ከምሳ በኋላ ሐሩን ሥራውን ጀመረ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጣጣ መጣ፤ መኪናዋ ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ክሪኩ ሥሯ አይገባም። ዞረ፣ አየ፣ አሰበ። ግቢው ጥግ ላይ ለጎርፍ የተሠራ ሰው አስተኝቶ የሚይዝ የድንጋይ ቦይ አለ። የግራ ጎማዎቿን በግራ፣ የቀኝ ጎማዎቿን በቀኝ አድርጎ መኪናዋን ቦዩ ላይ አንፈራጥጦ አቆማትና እሱ ካርቶን አንጥፎ በቦዩ ገባ። ጫማው እንዳይበላሽ አውልቆት ስለነበር ከመኪናዋ ኋላ የሚታየው ሁለት ግራጫ ካልሲ ብቻ ሆነ።

የብሎኩ ሰው በረንዳ ላይ ወጣ። እሁድ ነው፣ ምን ሥራ አለው! ከሁሉም ቀድመው የወረዱት ጋሽ ዱባለ ናቸው። ጋሽ ዱባለ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ከመኖሪያ ቤታቸው ይልቅ የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ይገኛሉ። ጎንበስ ብለው ካልሲዎቹን አናገሯቸው።

«ሐሩን፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ዘይት እየቀየርኩ ነው ጋሼ።»

«ጎሽ! አይዞህ፣ በርታ» አሉና ድንጋይ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ሥር የገባን ጎረቤት ብቻውን ጥሎ መሄድ ለእሳቸው ነውር ነው።

እውነት ለመናገር ሐሩን ጥሩ ጀምሮ ነበር። የላይኛውን ቡሎን እንደተባለው አስቀድሞ ፈታ። የታችኛውንም ፈታ። አሮጌው ዘይት ጥቁር ሆኖ፣ በደረቀ ዓሣ ሽታው ግቢውን እየሞላ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ሐሩን ደስ ብሎት የስልኩን ባትሪ አብርቶ ጉድጓዱን ሊመለከት ቀና ሲል፣ ስልኩ ከዘይታም እጁ ተንሸራቶ ሳፋው ውስጥ ገባ። ሊይዘው ሲወራጭ በክርኑ የታችኛውን ቡሎን መታው፤ ቡሎኑም ተንከባሎ ቦዩ ሥር ጭቃ ውስጥ ጠለቀ። ዘይቱም ተፈናጥሮ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ አለበሰው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አዲሱ ዘይት ደህና ነው» አለ ለራሱ። «ጋሼ፣ እስቲ እዚያ አረንጓዴ ፌስታል ውስጥ ያለውን ያቀብሉኝ።»

ጋሽ ዱባለ ፌስታሉን ከፈቱ። ቆዩ። አንዱን ጠርሙስ አወጡ፣ አገላበጡ፣ ከዓይናቸው አራቁት።

«ይሄ እኮ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነው።»

«ምን?»

«ሁለተኛው ደግሞ የወይራ ዘይት። ለፀጉርና ለመገጣጠሚያ ይላል።»

ሐሩን ራሱን የመኪናዋ ሆድ ላይ መታ። ለካስ ባንኮኒው ሥር ሁለት አረንጓዴ ፌስታል ነበር! እሱ ያነሳው ፈሂማ ለእናቷ ጉልበት የገዛችውን ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ወሎ ሰፈር ቀርቷል። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ ሰው «ያው ዘይት አይደል? ጨምሩበት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው የወይራ ዘይት ይሻላል አለ፤ ሦስተኛው ሁለቱን መቀላቀል ነው ብሎ ተከራከረ። ሐሩን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። መኪናዋ ባዶዋን ናት፣ ብትነሳ ካምቢዮዋ ይበላል፤ ገርጂ ውስጥ እሁድ መለዋወጫ የሚሸጥ የለም፤ እሱ ልሂድ ቢል ቡሎኑ ጭቃ ውስጥ ነው። ዐስር ደግሞ እየመጣ ነው።

«ጋሽ ዱባለ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ለፈሂማ ይደውሉላት። ባንኮኒው ሥር ያለውን ይዛ አሁኑኑ ትምጣ።»

«እደውላለሁ። ምን ልበላት?»

ሐሩን እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። እውነቱን ንገሯት ቢል ምን ነበረበት? ግን ሚስቱን ያውቃታል። መኪናዋ ባዶ ሆና ዘይቱ እሷ ጋ መቅረቱን ከሰማች መጀመሪያ ስቃ ትጨርሳለች፤ ቀጥላ ለሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ትናገራለች፤ ከዚያ ሻይዋን ጠጥታ፣ ቀስ ብላ፣ ልክ ገብረእዝጊ ቁልፉን ሲቀበል ትደርሳለች።

«ምክንያቱን እንዳይነግሯት» አለ። «የመኪናዋን ነገር አያንሱባት። ከደረሰች በኋላ እኔው እነግራታለሁ። ብቻ በጣም አስቸኳይ ነው ብለው ያስመጧት።»

«በስልክ እንዳልነግራት?» ጋሽ ዱባለ ቅር አላቸው። «ለእኔ ነው ይሄን የምታስተምረኝ?»

እውነታቸውን ነው። ይሄ ኮንዶሚኒየም ሰው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚደውሉት ጋሽ ዱባለ ናቸው። ደውለውም አንድ ቀን «ሞተ» ብለው አያውቁም፤ ማን ይላል! «ትንሽ አሞት ነው» ይላሉ፣ «እስቲ ብቅ በይ» ይላሉ። የቀረውን ሰሚው ራሱ መንገድ ላይ ያውቀዋል። በዚህ ሥራ ደግሞ የሚስተካከላቸው የለም።

ተነሱ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ወደ አጥሩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሄሎ። ፈሂማ ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ። ጋሽ ዱባለ ነኝ፣ ከገርጂ። አይ፣ ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና ነው። ሐሩን? ሐሩንማ እዚሁ ነው። መኪናዋ ሥር ነው። አይ፣ አሁን እንኳ ስልክ ማናገር አይችልም። ምንም አልሆነም ልጄ፣ ሰው አለ አጠገቡ፣ እኔም አለሁ። ብቻ አንቺ ቶሎ ነይ። ባንኮኒው ሥር ያለውንም ይዘሽ ነይ። ያው፣ ታውቂዋለሽ፤ ስም ልጥራ አልልም። ሱቁን ዝጊው። ብቻሽንም አትምጪ። እንግዲህ በርቺ ልጄ፣ በርቺ።»

ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። «ትመጣለች» አሉ። ሐሩን ጭቃውን በጣቱ እየቧጠጠ «ምን አለች?» ሲላቸው፣ «ዝም ነው ያለችው፤ ጨዋ ልጅ ናት» አሉት።

ፈሂማ ምን ሆነች? መጀመሪያ ወደ ባሏ ስልክ ደወለች፤ ስልኩ ሳፋ ውስጥ ስለሆነ «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊያገኟቸው አይችሉም» አላት። ከዚያ ወደ ባንኮኒዋ ሥር አየች። እዚያ የተጠቀለለ አቡጀዲ አለ። ነጭ አቡጀዲ በድንገት ተፈልጎ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ደግሞ ጨርቅ ለምትሸጥ ሴት የሚነግራት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ሐሩን የሰማው ኋላ ነው። ያን ጊዜ እሱ ጭቃ ውስጥ ቡሎኑን አግኝቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ ቦታው መልሶ እያጠበቀው፣ ከሁሉም በላይ ደስተኛ ሰው ነበር። ጊዜ አለኝ እያለ ነበር። ድንገት ከግቢው በር በኩል ኡኡታ ተሰማ። የአንድ ሰው ልቅሶ አልነበረም፤ ሚኒባስ ሙሉ ሴት ነው የሚያለቅሰው።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?» አለ ከሥር።

ጋሽ ዱባለ ቆመው ቀሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ሳልሰማ? በእኔ ብሎክ? ለእኔ ሳይነገረኝ ማን ነው የሞተው?» አሉ፤ ከሐዘናቸው ቅሬታቸው ባሰ። ወዲያው ወደ ዕቃ ቤቱ ዞረው «ድንኳን አውጡ! ወንበር! ማን እንደሆነ በኋላ ይጣራል!» ብለው አዘዙ። የብሎኩ ወንዶች ከየፎቁ ወርደው እንጨት ተሸከሙ። ይሄ የብሎክ ሰው ሌላ ጊዜ ቧንቧ ሲፈነዳ ቢጠሩት አይሰማም፤ ለድንኳን ግን የሚቀድመው የለም።

ሐሩንም ጎረቤት ነው፤ ለቅሶ እያለ ቦይ ውስጥ ተኝቶ መቆየት አይሆንለትም። ከመኪናዋ ሥር ተንፏቆ ወጣ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ በካልሲው አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። ሚኒባሱ አጠገብ የቆመው ሾፌር ራሱን እየነቀነቀ ነበር።

«አላህ ይዘንለት» አለው ሐሩን። «ማን ነው ወንድሜ?»

«ሐሩን የሚሉት ልጅ ነው አሉ።»

«ሐሩን?» ሐሩን ከልቡ አዘነ። በብሎካችን ሌላ ሐሩን አለ እንዴ? ስድስተኛ ፎቅ የገባው አዲሱ ተከራይ ይሆን? ሳልተዋወቀው ቀረሁ ብሎ ተጸጸተ። «ምን አግኝቶት?»

«መኪና ሲሠራ ላዩ ላይ ወደቀበት። ቀይ ስፖርት መኪና ናት አሉ።»

«ቀይ...» አለ ሐሩን። ቀስ ብሎ ቀና ሲል ከሴቶቹ መሐል ፈሂማን አያት። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ አንድ እግሯ ላይ የራሷ ጫማ፣ አንዱ ላይ የሌላ ሰው ጫማ አለ። ያንን አቡጀዲ እንደ ሕፃን ታቅፋ «ሐሩኔ፣ ሐሩኔ፣ ሳልታረቅህ» እያለች ታለቅሳለች።

«ፈሂማ!» ብሎ ጮኸ።

ልቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ዞሮ አየው፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጥቁር፣ ዓይኑ ብቻ ነጭ የሆነ ሰው። የፈሂማ የሱቅ ጎረቤት ሸሪፋ «ጂኒ!» ብላ ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋች። ፈሂማ ግን አልሸሸችም። እያየችው ቀረበች፤ ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈች፤ ጣቷን አሸተተች። ከዚያ በጥፊ አጮለችው። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ፣ ያ አባያዋ ሁሉ በዘይት እየተለወሰ፣ እንደገና አለቀሰች። ለማቀፍ አንድ እጇ በቅቷታል፤ በሌላው ጀርባውን ትደበድባለች።

«ምን ሆነህ ነው? ተናገር! ምን ሆነህ ነው?»

«የካምቢዮ ዘይት ረስቼ ነው።»

«ዘይት?»

«አንቺ ሱቅ ቀርቶብኝ...»

ሌላ ጥፊ መጣ። ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ዱባለ ዞረ። ጋሽ ዱባለ የድንኳን ገመድ እንደያዙ ቆመው ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ። «በስልክ አትንገሯት አለኝ፤ አልነገርኳትም። ደህና ነው አልኩ፤ ደህና ነው። መኪናዋ ሥር ነው አልኩ፤ ሥሯ ነበር። ከዚህ የተለየ አደዋወል እኔ አላውቅም!»

«ብቻሽን አትምጪ ማለትስ ምንድን ነው?» አለች ሸሪፋ በሚኒባሱ መስኮት።

«ዕቃው ይከብዳት ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ያን ጊዜ አዛን ተሰማ። ዐስር ደረሰ። ሸሪፋ ባንኮኒው ሥር ያለ ተብሎ የለም እንዴ ብላ ያገኘችውን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልላ አምጥታ ኖሮ፣ ማዳበሪያው ሲፈታ አረንጓዴው ፌስታል ከነዘይቱ ወጣ። ግን ምን ያደርጋል? መኪናዋ ባዶዋን ቦይ ላይ ናት፣ ሁለተኛ ማርሽ አልተሞከረ፤ ገብረእዝጊ ደግሞ ጫማውን አስጠርጎ በበሩ እየገባ ነው።

ገብረእዝጊ ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ገባና አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶም «ማን ነው?» ብሎ ጎኑ ያለውን በሹክሹክታ ጠየቀ። «ሐሩን» አሉት። ደረቱን ይዞ «አይ ጎበዝ!» እያለ ሳለ ሐሩን መጥቶ «ሰላም ነው ገብሬ?» አለው። ገብረእዝጊ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። አንስተው፣ ውኃ ሰጥተው፣ ነገሩን እስኪያስረዱት ድረስ ጊዜ ፈጀ። ነጋዴ ነውና ነፍሱ እንደተመለሰች የጠየቀው ግን አንድ ነገር ነው።

«እና መኪናዋስ?»

ሐሩን ወደ ፈሂማ አየ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ያንን የሌላ ሰው ጫማ ታየዋለች፤ መቼ እንዳጠለቀችው ለራሷም ገና አልገባትም። ሐሩን ልቡ ተሰበረ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ለአንዲት ማርሽ ብሎ ሚስቱን የሬሳ ከፈን አስይዞ ከወሎ ሰፈር ገርጂ አስመጣት! ኪሱ ገብቶ ቁልፉን አወጣ።

«ውሰዳት» አለ። «ቃሌ ነው። ዐስር ደርሷል፣ ማርሿም አልተስተካከለችም። ሁለተኛ ላያት አልፈልግም።»

ገብረእዝጊ እጁን ዘረጋ።

«አትሸጥም!» አለች ፈሂማ።

ሐሩን የሰማውን አላመነም። «አንቺ አይደለሽ እንዴ ሽጣት ያልሽው?»

«ነበርኩ። አሁን አትሸጥም አልኩ!»

«ለምን?»

ፈሂማ አፏን ያዘች። የተናገረችው ሸሪፋ ናት፤ የሷን ምላስ ማን ይይዘዋል! «ተስላለች» አለች። «ኢምፔሪያል ጋ መንገድ ሲዘጋብን እጇን ዘርግታ፣ ያ አላህ፣ ነፍሱን ብቻ አቆይልኝ፣ ያቺን ቀይ መኪና ዕድሜ ልኩን ይንዳት፣ እኔ አንድ ቃል አልናገራትም አለች። እኛም አሚን አልን።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ የሚኒባሱ ሾፌር። «አሚን ብያለሁ፤ ክርስቲያን ብሆንም።»

«የተሳልኩለት ሐሩን ይኸው ቆሟል» አለች ፈሂማ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «አላህ የጠየቅሁትን ሰጥቶኛል። አሁን ቃሌን ላጥፍልህ?»

«እኔ አልሞትኩም እኮ! አልታመምኩም! እንዴት ስለት ይሆናል?»

«እኔ በምን ልወቅ? ከሱቄ እስከ ገርጂ ሞተህ ነበር!»

«ሸጬያታለሁ!»

«አትሸጣትም!»

ገብረእዝጊ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «የዒድ ዕለት አንቺ ነበርሽ ትሸጥ ያልሽው፣ አንተ ነበርክ እንቢ ያልከው» አለ። «እኔ ቤቴ ልግባ። ስትስማሙ እንኳ አትደውሉልኝ፤ በተለይ ጋሽ ዱባለ እንዳይደውሉልኝ።» ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

ድንኳኑ ግን አንዴ ተተክሏል። ጋሽ ዱባለ በባዶ አይፈርስም፣ ጥሩ አይደለም አሉ። ሻይ ተፈላ፣ ዳቦ መጣ፣ ካርታ ወጣ፤ ሊያለቅስ የመጣው ሰው ቁጭ ብሎ ሲስቅ ዋለ። ሁለተኛ ማርሽ ገባች አልገባች ያን ቀን የጠየቀ ሰው የለም።

ሐሩን ሶላቱን ሰግዶ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ መኪና ባዶዋን አታድርም። ፈሂማ ተከትላው መጣችና የጋሽ ዱባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዘይቱን በኩባያ ትቀዳለች፤ እሱ በከብቱ መርፌ ስቦ በላይኛው ቀዳዳ ይገፋል። ከድንኳኑ የጋሽ ዱባለ ሳቅ ይሰማል።

«ሐሩን» አለች።

«አቤት።»

«ለአንተ ቢሆን የተደወለልህስ? ሞተች የተባልኩት እኔ ብሆንስ? ምን ትሳል ነበር?»

መርፌው ቆመ።

«መኪናዋን» አለ ሐሩን ወዲያው።

«እሷማ የእኔ ስለት ናት፤ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። በሰው ስለት አይሳሉም። ያንተ የሆነ ሌላ ጥራ።»

ሐሩን አሰበ። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ስልኩ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ሌላ ምን አለው? ፈሂማ ኩባያውን ይዛ ጠበቀችው።

«እየፈለግሁ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሷን ከወሰድሽብኝ የሚቀረኝ አንቺ ነሽ። አንቺን ደግሞ ላንቺ ብዬ እንዴት ልስጥ?»

ፈሂማ ኩባያውን አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ከመኪናዋ ሥር የወጣውን ባለ ግራጫ ካልሲ እግሩን በሁለት እጇ ያዘች። እሱ ዘይቱን ሞልቶ እስኪጨርስ ድረስም አልለቀቀችውም።